ከሲያትል ወደ ኦሎምፒክ ፓርክ፦ ባሕሩንም ደኑንም በሦስት ቀን በመኪና ለመዞር ዝርዝር መመሪያ

ቅዳሜ ጠዋት ከሲያትል ወጥቶ፣ የኦሎምፒክ ብሔራዊ ፓርክን ደኑንም ባሕሩንም አይቶ፣ ማታ ቤቱ ሊገባ ያሰበ ሰው ብዙ አውቃለሁ። ሁሉም የሚነግረኝ አንድ ዓይነት ታሪክ ነው። እኩለ ቀን ላይ ሆህ በሚባለው የዝናብ ደን በር ላይ የሁለት ሰዓት ሰልፍ። ባሕሩ ጋ ሲደርሱ ውሃው ሞልቶ መራመጃ የለም። ማታ ደግሞ ስልክ በማይሠራበት መንገድ ላይ የነዳጅ መብራት በርቷል፣ ልጆቹ ርቧቸዋል።

አብዛኛው ሰው ጉዞውን በማይል ያቅዳል። እዚህ ግን መጀመሪያ የሚታየው የባሕሩ ሰዓት ነው። ሌላው ሁሉ እሱን ተከትሎ ይደረደራል። ከዚህ በታች ያለውን በተጻፈበት ቅደም ተከተል አድርጉ፣ አትዝለሉ።

አንድ ነገር ከወዲሁ፦ በዚህ ጽሑፍ ያለው ሰዓት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ስል ፈረንጆቹ 7 የሚሉትን ነው። ይህን የምለው በምክንያት ነው፤ ደረጃ 2 ላይ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ቀኑን ምረጡ

ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ያለው ጊዜ ይሻላል። ዝናቡ ይቀንሳል፣ ቀኑ ረጅም ነው። ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ በባሕሩ ዳርቻ አውሎ ነፋስ ይበዛል፣ ዛፍ መንገድ ላይ ይወድቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ያን ጊዜ ተዉት።

ከቻላችሁ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያለውን ያዙ። ቅዳሜና እሁድ ብቻ ከሆነ የሚመቻችሁ፣ ሦስተኛ ቀን ጨምሩ። በሁለት ቀን አይሆንም። ዙሩ ብቻ ወደ 350 ማይል ነው። ከዋናው መንገድ ወደ ተራራው፣ ወደ ደኑና ወደ ባሕሩ ገብቶ መውጣቱ ደግሞ ወደ 100 ማይል ይጨምራል።

ደረጃ 2፦ የባሕሩን ሰዓት እዩ

ሰው ሁሉ የሚዘለው ይህን ነው፣ ጉዞው የሚበላሸውም እዚህ ነው።

ውቅያኖሱ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ፈረንጆቹ ታይድ ይሉታል። በዚህ ዳርቻ በሙላትና በሽሽት መካከል ያለው ልዩነት አንዳንድ ቀን ከ8 ጫማ ያልፋል፣ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ማለት ነው። ጠዋት የተራመዳችሁበት አሸዋ ከሰዓት በኋላ ከእናንተ ቁመት በላይ ውሃ ሊሆን ይችላል። ሰዓቱም በየቀኑ በ50 ደቂቃ ገደማ ይገፋል። ጓደኛችሁ ባለፈው ሳምንት የሄደበት ሰዓት ለእናንተ አይሠራም።

እንዲህ አድርጉ፦

1. ኖዓ የተባለው የአሜሪካ የውቅያኖስና የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት የሚያወጣውን የታይድ ሰንጠረዥ ክፈቱ። ጣቢያው "ላ ፑሽ" የሚለው ይሁን። የሲያትልን ጣቢያ አትጠቀሙ፤ ሰዓቱ በጣም ይለያያል።

2. የምትሄዱበትን ቀን ፈልጉ። ዝቅ ያለውን ሰዓትና ከጎኑ ያለውን ቁጥር ጻፉ። ቁጥሩ ከ1 ጫማ በታች ከሆነ ጥሩ ቀን ነው። ከዜሮ በታች ከሆነ ደግሞ ዓለቱ ሥር ያሉት ኩሬዎች ሁሉ ይገለጣሉ፣ የባሕር ኮከቡን በቅርብ ታያላችሁ።

3. ሰዓቱ በሰመር አቆጣጠር መሆኑን አረጋግጡ። አንዳንድ የታተመ ሰንጠረዥ አንድ ሰዓት ሳይጨምር ያወጣዋል። እሱን ይዞ የሄደ ሰው በአንድ ሰዓት ይሳሳታል።

4. ወደ እኛ ሰዓት ስትለውጡ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት። ከአገር ቤት የመጡ እናት ወይም አባት ይዛችሁ ከሆነ ይህ ግዴታ ነው። ሰንጠረዡ ላይ ጠዋት 8:20 የሚለው ለእናታችሁ 2 ሰዓት ከ20 ነው። አንድ ቤተሰብ መካከል ግማሹ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ሲያስብ አይቻለሁ። "ስምንት ሰዓት እንገናኝ" ተባብለው አንደኛው ወገን ጠዋት ሲጠብቅ ሌላው ገና ተኝቶ ነበር። በቤት ውስጥ ቀጠሮ ይህ ቀላል ነው። ባሕር ዳር ግን ከዓለቱ ጀርባ ያስቀራል።

5. ውሃው ዝቅ ከሚልበት ሰዓት ሁለት ሰዓት ያህል ቀድማችሁ መራመድ ጀምሩ። ዝቅ ያለበት ሰዓት ሲደርስ ፊታችሁን ወደ መኪናው አዙሩ። ዝቅ ባለበት ሰዓት የሚጀምር ሰው የሚመለሰው ባሕሩ ሲሞላ ነው።

በሰመር በዚህ ዳርቻ በጣም ዝቅ የሚለው ሽሽት ብዙውን ጊዜ ጠዋት ላይ ነው የሚውለው። የሁለተኛው ቀን ዕቅድ የተሠራው በዚህ ነው።

ደረጃ 3፦ ማደሪያ ያዙ

ሁለቱንም ሌሊት ፎርክስ ከተማ እደሩ። ትንሽ ከተማ ናት፣ ግን ሱፐርማርኬትና ነዳጅ አላት፣ ለባሕሩም ለደኑም እኩል ትቀርባለች። ሪያልቶ ባሕር ዳርቻ 14 ማይል ነው፣ ሆህ ደን 31 ማይል። ከዚያ ከዚህ ሻንጣ እየጫኑ ማውረድ ከልጆችና ከሽማግሌ ጋር አድካሚ ነው። ፎርክስ መኝታ ከሞላ ወደ ኋላ ፖርት አንጀለስን እዩ። ያኔ ግን በየቀኑ ከአንድ ሰዓት በላይ መንዳት ይጨመራል።

ድንኳን የምትመርጡ ከሆነ ካላሎክ፣ ሞራ እና ሆህ የሚባሉት የካምፕ ቦታዎች አሉ። በሰመር የሚያዙት ሪክሪኤሽን ዶት ጎቭ ላይ ነው። ካላሎክ እስከ 6 ወር ቀድሞ ይከፈታል፣ ባሕሩ አፋፍ ላይ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። ካለቀባችሁ ተስፋ አትቁረጡ። በየቀኑ ማታ ገጹን ክፈቱ፣ የሚሰርዝ ሰው አይጠፋም።

ደረጃ 4፦ መግቢያውን ክፈሉ

ለአንድ መኪና 30 ዶላር ነው፣ 7 ቀን ያገለግላል፣ መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይገባል። ከመውጣታችሁ በፊት ዋጋውን የፓርኩ ገጽ ላይ አረጋግጡ፣ ለክፍያም ካርድ ያዙ።

ብዙ ቤተሰብ የማያውቃቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ዕድሜው 62 የሞላ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው በ20 ዶላር የአንድ ዓመት፣ በ80 ዶላር የዕድሜ ልክ ፓስ ያገኛል። አባታችሁ አብረው መኪናው ውስጥ ካሉ እናንተም በእሳቸው ፓስ ትገባላችሁ። አራተኛ ክፍል የሚማር ልጅ ካላችሁ ደግሞ ለቤተሰቡ የሚሆን ነጻ ፓስ አለው። ኢንተርኔት ላይ ይሞላል።

ደረጃ 5፦ መኪናውንና ስልኩን አዘጋጁ

ካርታውን ቤት ሳላችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ። ክሬሰንት ሐይቅ ዙሪያ፣ ሆህ ውስጥና ካላሎክ አካባቢ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ወይም ጨርሶ የለም። የማደሪያውን አድራሻና የታይዱን ሰዓት ወረቀት ላይ ጻፉ። ሁለት መኪና ሆናችሁ ከሄዳችሁ መገናኛ ቦታና ሰዓት ቀድማችሁ ቁረጡ። ስልክ እንደዋወላለን ማለት አይሠራም።

ተጠባባቂ ጎማው አየር እንዳለው እዩ። ፓርክ አድርጋችሁ ስትሄዱ ቦርሳና ላፕቶፕ ወንበር ላይ አትተዉ።

በጠባቡ መንገድ ግንድ የጫኑ ትላልቅ መኪኖች ከኋላ ይመጣሉ። አትደንግጡ፣ አትፍጠኑም። ገለል የሚባልበት ቦታ ስታገኙ ወጥታችሁ አሳልፏቸው። በዋሽንግተን ሕግ ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው ከኋላው 5 መኪና ከተደረደረ ማሳለፍ ግዴታው ነው። አመሻሽ ላይ ደግሞ አጋዘን መንገድ ያቋርጣል። አንድ ካለፈ ሌላ ይከተላል፣ ወዲያው ነዳጅ አትስጡ።

ደረጃ 6፦ ምግብና ልብስ

ከሲያትል ከወጣችሁ በኋላ የሀበሻ ምግብ ቤት አትጠብቁ። በተለይ ከኦገስት 7 እስከ 21 ፍልሰታን የምትጾሙ ከሆነ የሦስት ቀን ስንቅ ይዛችሁ ውጡ። ሽሮና ምስር ቤት ተሠርቶ ቀዝቅዞ በእቃ ይታሸግ። እንጀራውን ከበረዶው ጋር አታነካኩት። በወረቀት ለዩት፣ በላስቲክ ጠቅልሉት፣ ከላይ አስቀምጡት። በረዶው ቀልጦ የነካው እንጀራ በማግስቱ አይበላም። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለመኪና ውስጥ የሚስተካከለው የለም።

ካምፕ ላይ ቡና ለማፍላት ያሰባችሁ፣ ትንሽ የጋዝ ምድጃ ያዙ። በደረቅ ወራት እሳት ማንደድ ሊከለከል ይችላል፣ ከሰልና እንጨትም አብሮ ይከለከላል። ጀበናው ጋዝ ላይ ቀስ ብሎ ይፈላል። ስኒውን አጥባችሁ፣ ምግቡን ሁሉ መኪና ውስጥ ቆልፋችሁ ተኙ። ክፍት የተተወ ምግብ ድብም ሌላ አውሬም ይጠራል።

ሆህ ደን ውስጥ በዓመት ከ3 ሜትር ተኩል ያላነሰ ዝናብ ይጥላል። አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ኦገስትም ቢሆን የዝናብ ልብስ ያዙ። ጥጥ ሹራብ ከረጠበ አይደርቅም። ለባሕሩ የማያንሸራትት ጫማ፣ ለእናቶች ጋቢ፣ ለልጆች ሁለት ሁለት ቅያሪ ካልሲ።

ደረጃ 7፦ አንደኛ ቀን፣ ከሲያትል እስከ ፎርክስ

1. ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት በሚነሳው የቤይንብሪጅ ፌሪ ተሻገሩ። መስመሩ ቦታ አያስይዝም፣ ቀድሞ የደረሰ ይገባል። በሰመር ቅዳሜ 45 ደቂቃ ቀድማችሁ ተሰለፉ። ማቋረጡ 35 ደቂቃ ነው። ኤድመንድስ አካባቢ የምትኖሩ በኪንግስተኑ ሂዱ። ኬንት፣ ሬንተን ወይም ሲታክ ለምትኖሩ ግን በታኮማ ድልድይ በኩል መንዳት ይቀላል። ወደ ምዕራብ ስትሻገሩ ክፍያ የለውም፣ የሚከፈለው ስትመለሱ ነው።

2. ሁድ ካናል የሚባለው ተንሳፋፊ ድልድይ ለመርከብ ሲከፈት መኪና ይቆማል። ግማሽ ሰዓት ሊያስጠብቅ ይችላል፣ ነፋስ ከበረታም ይዘጋል። ከመነሳታችሁ በፊት የክልሉን የመንገድ መሥሪያ ቤት ማሳሰቢያ እዩ። ለረጅም ጊዜ ከተዘጋ በኦሎምፒያ በኩል 101 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዛችሁ ወደ ሰሜን ውጡ። ይረዝማል፣ ግን ያደርሳል።

3. ፖርት አንጀለስ ላይ ነዳጅ ሙሉ፣ ሽንት ቤት ሂዱ። ከዚያ ሃሪኬን ሪጅ ተራራ ውጡ፣ 17 ማይል ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት አካባቢ ድረሱ። ፓርኪንጉ ሲሞላ በሩ ላይ ያስቆማሉ፣ አንድ ሲወጣ አንድ ይገባል። ላይ የነበረው ማረፊያ ቤት በሜይ 2023 ተቃጥሏል፤ ውሃና ምግብ ይዛችሁ ውጡ። ከፍታው 1,600 ሜትር ገደማ ነው፣ ከአዲስ አበባ ያንሳል። ከአገር ቤት የመጣ ሰው ትንፋሽ አያጥረውም፣ ብርዱ ግን ይሰማዋል። ጭጋግ ከሸፈነው አትውጡ፣ ምንም አታዩም። ሰዓቱን ለሐይቁ ስጡት።

4. ክሬሰንት ሐይቅ ላይ ምሳ ብሉ። ሜሪሚር ፏፏቴ ደርሶ መልስ 1.8 ማይል ነው፣ መጨረሻው ላይ ደረጃ አለው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰዎች ከደረጃው በፊት ባለው ድልድይ ላይ ይጠብቁ፣ ቦታው ራሱ ደስ ይላል። ሐይቁን የሚዞረው መንገድ ጠመዝማዛ ስለሆነ የሚያስመልሰው ልጅ ካለ መስኮት ክፈቱለት።

5. ከ11 ሰዓት በፊት ፎርክስ ግቡ። ነዳጅ ዛሬውኑ ሙሉ፣ ለነገ አታሳድሩ።

ናህ ቤይ የሚገኘውን የኬፕ ፍላተሪን ጫፍ በዚህ ጉዞ አትጨምሩት። መንገዱ ሩቅ ነው፣ የማካ ጎሣ ግዛት ስለሆነም የራሱ ፈቃድ ይከፈልበታል። ለብቻው አንድ ቀን ይገባዋል።

ደረጃ 8፦ ሁለተኛ ቀን፣ ባሕሩና ደኑ

እዚህ ሁለት አማራጭ አለ፣ የሚወስነው ደረጃ 2 ላይ የጻፋችሁት ሰዓት ነው።

*ባሕሩ ጠዋት የሚሸሽ ከሆነ፦* ጠዋት ሪያልቶ፣ ከ11 ሰዓት በኋላ ሆህ።

*ባሕሩ ከሰዓት በኋላ የሚሸሽ ከሆነ፦* ከፎርክስ 12 ሰዓት ተነስታችሁ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሆህ በር ላይ ሁኑ። ከዚያ ወደ ባሕሩ።

በሁለቱም መንገድ ከ4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ሆህ አትሂዱ። በሰመር ፓርኪንጉ ሞልቶ እስከ ሁለት ሰዓት የሚያስጠብቀው ያኔ ነው። በጁላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ 11 ሰዓት መግባት አይመሽም።

ሪያልቶ ላይ

መኪናው የሚቆመው ባሕሩ ጥግ ነው፣ ስለዚህ ለሽማግሌ ከሁሉም የሚመች ዳርቻ ይህ ነው። ሰከንድ ቢች የሚሉት ሌላው ዳርቻ በደን ውስጥ 0.7 ማይል መራመድና ደረጃ መውረድ አለበት።

ወደ ሰሜን 1.5 ማይል ስትራመዱ ባሕሩ የቦረቦረው ዓለት አለ። ጠጠር ላይ ስለሚኬድ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። በቀዳዳው ለማለፍ ውሃው ዝቅ ማለት አለበት። ከዓለቱ ማዶ ሳላችሁ ውሃው ከቀደማችሁ በውሃው ውስጥ ለመሮጥ አትሞክሩ። ዓለቱ ላይ ቀይና ጥቁር ክብ ምልክት ፈልጉ፣ በላይ በኩል የሚያሻግረውን መንገድ ያሳያል።

ከሁሉም በላይ ግንዶቹን ተጠንቀቁ። ዳርቻው ሙሉ ባሕር የጣለው ግንድ ነው፣ ነጭ ሆኖ ተጋድሟል፣ ለመቀመጫ የተሠራ ይመስላል። አንድ ዓመት እናቴ ነጠላዋን አንጥፋ አንዱ ላይ ተቀመጠች። ውሃው ሃያ እርምጃ ይርቃት ነበር። አንድ ሞገድ ከሌሎቹ ረዘም ብሎ መጣ፣ ቁርጭምጭሚት አይደርስም። ከእሷ ፊት የነበረው፣ ሁለት ሰው አቅፎ የማይጨርሰው ግንድ፣ ድምፅ ሳያሰማ ተነሳ። ግማሽ ዙር ዞረና መልሶ ተቀመጠ። ከሥሩ የተጨፈለቀ ጠጠር ድምፅ እስካሁን በጆሮዬ አለ። እግሯ እዚያ ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳስብ ዛሬም ይዘገንነኛል። ባሕሩ እየሞላ ሲሆን ወይም ሞገዱ ሲበረታ ግንድ ላይ አትቀመጡ፣ አትራመዱም። ልጆችን በግንድና በውሃ መካከል አታጫውቱ። ጀርባችሁን ለባሕር አትስጡ።

ዋናም አይታሰብ። ውሃው ብዙ ጊዜ ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ነው፣ ወደ ውስጥም ይጎትታል። ኩሬ ውስጥ ያሉትን ፍጥረታት ልጆች እያዩ ይደሰቱ፣ አይንቀሉ፣ አይርገጡ። መሬት ከተንቀጠቀጠ ማስጠንቀቂያ ሳትጠብቁ ወዲያው ወደ ከፍታ ውጡ፣ ሱናሚ ሊከተል ይችላል።

ሆህ ላይ

ከ101 ወደ ውስጥ የሚገባው መንገድ 18 ማይል ነው፣ ወንዝ ዳር ለዳር ይሄዳል። በዲሴምበር 2024 ጎርፍ ቆርጦት እስከ ሜይ 2025 ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ ጠዋት ማደሪያችሁ ኢንተርኔት ሳለ የፓርኩን ገጽ አይታችሁ ውጡ።

ሆል ኦፍ ሞሰስ የሚባለው ዙር 0.8 ማይል ነው፣ መጀመሪያ ላይ ትንሽ አቀበት አለው። የስፕሩሱ ዙር 1.2 ማይል ሜዳ ነው፣ ለእናቶች እሱ ይሻላል። ከመንገዱ አትውጡ፣ በእግር የተረገጠው አረንጓዴ ቶሎ አያገግምም። ኤልክ የሚባለውን ትልቁን አጋዘን ካያችሁ ከ50 ያርድ አትቅረቡ፣ በተለይ ግልገል ያላትን።

ሰልፉ ከአንድ ሰዓት ካለፈ ወይም መንገዱ ከተዘጋ፣ ዞራችሁ ሂዱ። ነገ ኩዊኖልት አለላችሁ። ያው ዓይነት የዝናብ ደን ነው፣ ሰው ግን ያን ያህል አይበዛበትም። እኔ እንዲያውም ሕፃን ለያዘ ቤተሰብ ኩዊኖልትን ነው የምመክረው።

ደረጃ 9፦ ሦስተኛ ቀን፣ መመለሻው

ከፎርክስ ነዳጅ ሞልታችሁ 2 ሰዓት ላይ ውጡ። ሩቢ ዳርቻ 27 ማይል ነው። ቁልቁለቱ አጭር ነው፣ መጨረሻው ላይ ግን ግንድ ተሻግሮ መውረድ ሊኖር ይችላል። ሽማግሌ ካለ ከላይ ካለው መመልከቻ ማየት ይበቃል። ባሕሩ ሞልቶ ከሆነ ሁላችሁም ከላይ እዩ።

ካላሎክ ላይ አጭር እረፍት አድርጉና ወደ ኩዊኖልት ሐይቅ ቀጥሉ። በደቡቡ ዳርቻ ግማሽ ማይል የሆነ የደን ዙር አለ፣ በግማሽ ሰዓት ያልቃል። ሐይቁ የኩዊኖልት ጎሣ ንብረት ነው። ዓሣ ለማጥመድ ወይም ጀልባ ለማስገባት የእነሱን ፈቃድ ጠይቁ።

ምሳውን እዚያው ብሉና ከ8 ሰዓት በፊት ተነሱ። አበርዲን ድረስ 40 ማይል ያህል ነው፣ ነዳጅ አለ። ከዚያ እስከ ሲያትል ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። እሁድ ከሆነ ከ10 ሰዓት በኋላ ከኦሎምፒያ እስከ ታኮማ መንገዱ ይጨናነቃል። ዘግይታችሁ ከሆነ ኦሎምፒያ ላይ ወርዳችሁ እራት ብሉ፣ ልጆቹን አዝናኑ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ውጡ። ሹፌሩ ከደከመውም እዚያው ቀይሩት፣ የመጨረሻው 60 ማይል ላይ የሚያንቀላፋ ሰው መሪ አይያዝ።